ከፕላዝማ በኋላ ምን እንግዛ?

ከጎንደር በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ብርድ በማይለየው ደጋ ላይ ያለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስቡ። ባሕር ማዶ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው “ለልጆቹ ታብሌት እንግዛላቸው ወይስ ከዚያ የሚሻል አለ?” ብለው ጽፈዋል። መልሱን እንድታዘጋጅ የተመረጠችው ወጣት የፊዚክስ መምህርት ናት። ለክረምት ትምህርት ጎንደር ስትመጣ፣ ይህንኑ ትምህርት በከተማው ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንጋፋ መምህር ታማክራለች። ሁለቱን ሰዎች የፈጠርኋቸው እኔ ነኝ፤ የሚያነሱት ነገር ግን በየክፍላችን የደረሰ ነው። ቦታው የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አቅራቢያ ያለ ሻይ ቤት፣ ወሩ ሐምሌ።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንቱ ዘንድ የመጣሁት የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባም ሲወጣም ክፍል ውስጥ ስለነበሩ ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ስክሪኑ ከነሳጥኑ ተቆልፎበት አቧራ ለብሶ ነበር። አሁን ደግሞ ታብሌት ሊገዛልን ነው። ልጆቹ ወሬውን ሰምተው ደስታቸውን አልቻሉትም። እኔን ግን ፍርሃት ይዞኛል።

አንጋፋው፦ ፍርሃትሽ እንዳይገዛ ነው ወይስ ተገዝቶ አቧራ እንዳይለብስ?

ወጣቷ፦ አቧራ እንዳይለብስ። እንዳይገዛማ አልፈልግም። ቤተ ሙከራ ተብሎ የተሠራው ክፍላችን ዛሬ የወንበር ስባሪ ማከማቻ ነው። ኤሌክትሪክን ሳስተምር በሰሌዳ ላይ አምፖል እሥላለሁ፣ ሽቦ እሥላለሁ፣ “አሁን በራ በሉ” እላለሁ። ልጆቹም አምነውኝ በራ ይላሉ።

አንጋፋው፦ እንግዲያው ፕላዝማን ከሥሩ እንየው፤ ብዙ ሰው የሚያወራው መጨረሻውን ነው። የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየወረዳው ይከፈት ነበር፤ ተማሪው ጎረፈ፣ ለሒሳብና ለሳይንስ የሚበቃ መምህር ግን አልነበረም። ስለዚህ አንድ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ለአገር ሁሉ ይድረስ ተባለ። አዲስ አበባ ያለውም ጃናሞራ ያለውም እኩል ይማር ነው ነገሩ። ይህን ሐሳብ ዛሬም አልነቅፈውም። የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ ያላነሰ ይገባዋል ብሎ ያሰበ ሰው ነው ያመጣው።

ወጣቷ፦ ክፍል ውስጥስ እንዴት ነበር?

አንጋፋው፦ መጀመሪያ ጥሩውን ልንገርሽ፣ አለዚያ ፍርዴ ይዛባል። አንድ ብልቃጥ እንኳ በሌለበት ትምህርት ቤት ልጆች ሙከራ ሲሠራ አዩ። ሞገድ ሲሄድ፣ ሕዋስ ሲከፈል፣ ብረት ከአሲድ ሲገናኝ ፊት ለፊታቸው ተመለከቱ። እኔ በጠመኔ ዓመቱን ሙሉ ብለፋ ያንን ላሳይ አልችልም ነበር። የጸጥታውን ነገር አልረሳውም፤ ሰባ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ያያል።

ጉዳቱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ነገሩ አይቆምም። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሰዓቱ በሳተላይት ይለቀቃል። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለው፤ መካከሉ የስክሪኑ ነው። ስክሪኑ “ይህን ሥሩ” ብሎ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል። ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። እጁን ሲያወጣ ብመልስለት ቀጣዩ ሐሳብ ያመልጠዋል፣ ባልመልስለት ያለፈው ሳይገባው ይቀራል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ እዚያው ሰማይ ላይ ይቀጥላል፤ መብራቱ ሲመለስ እኛ ያላየነውን አንድ ምዕራፍ ጨርሶ ይጠብቀናል።

ወጣቷ፦ ቋንቋውስ?

አንጋፋው፦ እሱ የባሰው ነው። አብዛኛውን ትምህርት በአማርኛ ተምሮ የመጣ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ገና እንግሊዝኛውን ሳይለምድ የማያውቀው ሰው ባልለመደው አነጋገር ይሮጥበታል። እኔ ክፍል ውስጥ ብሆን ፊቱን አይቼ ቀስ እላለሁ፤ በአማርኛ አንድ ቃል ጣል አድርጌ እመለሳለሁ። ስክሪኑ ፊት አያይም። እኔም እዚያው ቆሜ እያለሁ፣ ፊቱን እያየሁ፣ ማድረግ የምችለው አልነበረም። ብዙ ጓደኞቼን ያሳዘናቸው ይህ ነው። ማስተማር እያወቁ ማብሪያና ማጥፊያ ጠባቂ ሆኑ። ጊዜ ሲያልፍ መዘጋጀቱንም ተዉት፤ ለምን ይዘጋጁ?

ወጣቷ፦ ታብሌት ግን ይቆማል፣ ጋሼ። ልጁ ያልገባውን ወደ ኋላ መልሶ ያያል። አንቱ የነገሩኝ ጉዳት ሁሉ እኮ የስርጭቱ እንጂ የስክሪኑ አይደለም።

አንጋፋው፦ ልክ ነሽ፤ ትልቁ ልዩነት እሱ ነው። ግን ማን ያቆመዋል? ያልገባው ልጅ እኮ አንዳንዴ እንዳልገባው አያውቅም። ኦሮሚያ ውስጥ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ የተደረገውን ሰምተሻል? በ2004 ዓ.ም. ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚለው የአሜሪካኖቹ ድርጅት ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕፃናት ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጠ። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ዘፈን ዘፈኑ፣ የተዘጋውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። በዓለም ተወራ።

ወጣቷ፦ ታዲያ ይህ የሚያኮራ ነው! የኢትዮጵያ የገጠር ልጅ ማንም ሳያስተምረው መሣሪያውን ፈትቶ ገጠመው ማለት ነው።

አንጋፋው፦ ያኮራል። ስለ ልጆቹ አእምሮ ከሆነ ምስክርነቱን እቀበላለሁ። ነገር ግን ካሜራ መክፈት ማንበብ አይደለም። የዚያው ድርጅት ላፕቶፕ በፔሩ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሰራጭቶ በኋላ ሲጠና በልጆቹ የንባብና የሒሳብ ውጤት ላይ ለውጥ አልታየም። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዓለም የትምህርት ሪፖርት ይህንኑ ጠቅሶታል። ላፕቶፑ ተሰጠ፤ ለመምህሩ ግን በሱ ምን እንደሚያስተምር ያሳየው አልነበረም። መምህሩን አልፎ የሄደ መሣሪያ ነው። ፕላዝማም ያለፈው መምህሩን ነው።

ወጣቷ፦ ይሁን። እኔ ግን መሣሪያ የጠቀመበትንም አይቻለሁ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ታትሞ እስኪደርስ ብዙ ቆየ። ያን ጊዜ ያዳነን ቴሌግራም ነው። ሶፍት ኮፒውን አውርደን ስልክ ያለው ልጅ ለሌለው እያሳየ፣ ሦስት አራት ሆነው በአንድ ትንሽ ስክሪን አነበቡ። ዐይናቸውን እያሻሹም ቢሆን አነበቡ። ማንም አልሠለጠነም፣ ማንም ፕሮጀክት አላስመረቀም። ችግሩ ራሱ ነው ያስተማረን።

አንጋፋው፦ ሸክሙስ በማን ላይ ወደቀ?

ወጣቷ፦ ስልክ በሌለው ላይ። በተለይ በሴቶቹ። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ካለ የአባት ነው፣ ቀጥሎ የወንድም ነው። ይህን ደብዳቤው ላይ መጻፌ አይቀርም።

አንጋፋው፦ ጻፊው። ሌላም ጨምሪበት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ በነበረው ግጭት የተነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስንት ትምህርት ቤት በግጭቱ ተዘጋ፤ ስንት ልጅ ከክፍሉ ቀረ። ያን ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ትምህርት ሁሉ ሞተ። የተረፈው ምን ነበር?

ወጣቷ፦ ሚሞሪ ካርድ ላይ የነበረው። እኔ ራሴ ጎንደር በመጣሁ ቁጥር የጫንሁትን ቪዲዮና መጽሐፍ ነው ያስተማርሁበት። ልጆችም በብሉቱዝና በሸርኢት ይቀባበሉ ነበር። በኮቪድ ጊዜም፣ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ሬዲዮ ነው። ቴሌቪዥኑና ኢንተርኔቱ የከተማ ነበሩ።

አንጋፋው፦ ሬዲዮ ውለታው ብዙ ነው። የሬዲዮ ትምህርት ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ነበር። የመምህሩ መምሪያ አስቀድሞ ይላካል፤ መምህሩ ነገ ምን እንደሚተላለፍ ዛሬ ያውቃል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ የመምህሩ ክብር ግን እዚያ ላይ ነው። ነገ የሚመጣውን የሚያውቅ መምህር የክፍሉ ባለቤት ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኛ አገር አዲስ ነገር ሲመጣ ወይ እልል ተብሎ ይገባል ወይ ተወግዞ ይወጣል። ጎንደር የትምህርት አገር ናት እያልን ያደግን ነን። ከዚህ የተሻለ ልማድ የለንም?

አንጋፋው፦ አለን እንጂ። አለቃ ገብረ ሐናን ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ትልቁ ሥራቸው ግን በቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት፣ በአቋቋም ላይ ነው። የጎንደሩን አቋቋም ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ፣ እንደሚነገረው ጣና ዳር ደንገሉና ማዕበሉ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። እሳቸውም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፣ ከዚያ ተስፋፋ። ዛሬ “የተክሌ አቋቋም” የምንለው እሱ ነው። የቀደመውም የጎንደር አቋቋም አልጠፋም፣ እስከ ዛሬ ጎንደር በዓታ ላይ ይማሩታል።

ወጣቷ፦ ታዲያ ጎንደር ተሳሳተች ማለት ነው?

አንጋፋው፦ እኔ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። አዲሱን ያመጣው የቀደመውን ከማንም በላይ የሚያውቅ መምህር ነበር። ከውጭ የመጣ ሰው አላዘዘውም። አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ መምህር ይዞት፣ ተማሪ እየወጣለት ሲታይ ነው ሌላው የተቀበለው። አሁን ደግሞ የዜማ ተማሪዎች የየኔታን ድምፅ በስልክ ቀድተው ሌሊት ሲያጠኑ አያለሁ። ጠዋት ግን የኔታ ፊት ቀርበው ካላሉት አለፉ አይባልም። ስልኩን ማንም አልከለከለም፣ የማሳለፉን ሥልጣን ግን ለስልኩ አልሰጡትም። በዓለማዊው ትምህርት ቤት ይህን ያህል ጥርት ያለ ደንብ የለንም።

ወጣቷ፦ ይህን ስሰማ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ነገር ነው የሚመጣብኝ። ቻት ጂፒቲ ከመጣ ወዲህ እዚህ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሳይመንት የሚሠራው ማን እንደሆነ ግራ ገብቶናል። ነገ የእኔም ተማሪዎች ዘንድ ይደርሳል፣ ደርሷልም።

አንጋፋው፦ አንቺስ ትጠቀሚበታለሽ?

ወጣቷ፦ እጠቀማለሁ። የፈተና ጥያቄ ሳዘጋጅ ብዙ ዓይነት እንዲያወጣልኝ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ግማሹን እጥላለሁ። በእንግሊዝኛ ደህና ነው። በአማርኛ ግን ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ በልበ ሙሉነት ያወራል፣ ቃል ይፈጥራል። አንድ ቀን ቅኔ ዝረፍ ብዬው ቤት የማይመታ፣ ሰምም ወርቅም የሌለው ነገር ቅኔ ነው ብሎ ሰጠኝ። የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ትንሽ ነዋ። የአማርኛው ውክፔዲያ እንኳ ያለው መጣጥፍ 15 ሺህ ገደማ ነው፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው።

አንጋፋው፦ ታዲያ ለልጆቹ ልትከለክይ ነው?

ወጣቷ፦ አልከለክልም። ከለከልሁም አልከለከልሁም ያገኙታል። ክፍል ውስጥ የሞከርሁት ሌላ ነው። ማሽኑ ስለ ኒውተን ሕግ በአማርኛ የጻፈውን ገልብጬ ሰሌዳ ላይ አወጣሁና “ስህተቱን ፈልጉ” አልኋቸው። መጽሐፍ ገልጠው፣ ተከራክረው፣ ሦስቱን አወጡ። አንዲት ልጅ እኔ ያላየሁትን አገኘች። ያን ቀን ደወል ተደውሎ እንኳ አልወጡም። ልጅ መጀመሪያ ራሱ ጽፎ ከሆነ ማሽኑ ይጠቅመዋል፤ ራሱ ሳይጽፍ ከጠየቀው ግን እጁም ሐሳቡም ይሰንፋል። እኔ የያዝሁት ድንበር ይህ ነው።

አንጋፋው፦ በይ እንግዲህ ይህን እንዳትረሺው። አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ መጀመሪያ ግን ለማን እንደሚወጣ እንይ። በ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። የዓለም ባንክ እንደሚለው ከአስር ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ዘጠኙ በአስር ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። አንቺ ክፍል የሚደርሱት እነዚህ ልጆች ናቸው። ቪዲዮ ብታሳዪያቸው ያያሉ፤ ከሥሩ ያለውን ጥያቄ ግን ማንበብ አለባቸው።

ወጣቷ፦ አዎ፣ ፊዚክስ የወደቁ የሚመስሉኝ ልጆች ጥያቄውን ሳነብላቸው ይሠሩታል። ሕመሙ ንባብ ነው። ግን ጋሼ፣ “መጀመሪያ ንባብ ይስተካከል” ብዬ ብጽፍ የእኔ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ናቸው፤ ጊዜ የላቸውም። በ2016 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከፊሉ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ፈተናው ቀን ከማውዙ ጋር ሲታገል ሰዓቱ ያልቅበታል። የከተማው ልጅ በዚህ ብቻ ይበልጠዋል። መሣሪያውን ንቆ መተውም በደል ነው።

አንጋፋው፦ ይህን አላሰብሁትም ነበር። እውነትሽን ነው። እንግዲያው ምን ትጽፊላቸዋለሽ?

ወጣቷ፦ ለየልጁ ታብሌት አይሁን እላለሁ። በዚያው ገንዘብ መጀመሪያ ሶላርና ባትሪ፣ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ እንዳይጠፋ። አንድ ፕሮጀክተር። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ትንሽ ሰርቨር፤ ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ ቪዲዮውንና መጽሐፉን አንዴ ከጫኑበት በግቢው ውስጥ በዋይፋይ ይሰጣል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት ደግሞ የፊዚክስ ሙከራዎችን በነጻ አዘጋጅቷል፣ አውርዶ ያለ ኔትወርክ መጠቀም ይቻላል። ሽቦ ቢቆርጡ አምፖሉ ይጠፋል፣ ቢያያይዙ ይበራል። በጠመኔ የምሥለው አምፖል በመጨረሻ ሊበራልኝ ነው! ልጆቹም የሚለማመዱበት ጥቂት ኮምፒውተር፣ የትምህርት ቤቱ ሆኖ፣ ሴቶቹ የራሳቸው ሰዓት ኖሯቸው። ከዚህ ሁሉ እኩል ደግሞ ማባዣ ማሽንና ወረቀት፤ የንባብ ጽሑፍ በየሳምንቱ ለየልጁ እንዲታተም።

አንጋፋው፦ ቪዲዮውን ማን ያቆመዋል?

ወጣቷ፦ መምህሩ። አቁሞ “ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?” ይላል። ልጆቹ ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ይለቀቃል።

አንጋፋው፦ መምህሩን ለዚህ የሚያሠለጥነውን ሰው ነገር አትርሺ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የጤና ጥበቃ ባለሙያውን አንድ ቡድን አድርጎ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ትምህርቱ ያለቀው በሽተኛው ባለበት ነው። የመምህራን የቴክኖሎጂ ሥልጠና ግን እስካሁን የሚሰጠው በአብዛኛው በሆቴል አዳራሽ፣ መብራቱ በማይጠፋበት፣ ኔትወርኩ በማይቋረጥበት ነው። አሠልጣኙ እናንተ ዘንድ ይውጣ። ሰባ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ራሱ ያስተምርና ይታይ።

ወጣቷ፦ ጥገናውስ? ባትሪው እኮ ዕድሜ አለው።

አንጋፋው፦ ከሚላከው ገንዘብ ላይ ለጥገናና ለባትሪ መለወጫ አስቀድሞ ይቀመጥ። ጎንደር ውስጥ የሚጠግነው ሰው የሌለ ዕቃ አይገዛ። እና ደግሞ በአንድ ክፍል፣ አንድ ሴሚስተር ይሞከር፤ ቀድሞ የንባብና የፊዚክስ ፈተና ስጪያቸው፣ በኋላም ስጪያቸው። ካልሠራ “አልሠራም” ብለሽ ለመጻፍ አሁኑኑ ተዘጋጂ። ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ይህን ቢሰሙ የሚቀየሙ አይመስለኝም።

ወጣቷ፦ የሚያስቸግረኝ ፎቶው ነው። ልጆች ታብሌት ይዘው የሚነሱት ፎቶ ያምራል። ማባዣ ማሽን ፎቶ የለውም።

አንጋፋው፦ እሱንም በግልጽ ጻፊላቸው። ልጆቹን ይወዳሉና ይረዱሻል። ደብዳቤውን ምን ብለሽ ትዘጊዋለሽ?

ወጣቷ፦ እንዲህ ብዬ፦ “ውድ ወገኖቻችን፣ ላሰባችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን። ከዚህ በኋላ ለየትኛውም ትምህርት ቤት ማናቸውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃው የሚገባበትን ክፍል የሚያስተምረውን መምህር በስሙ ጠይቁና ደውሉለት፤ ሰኞ ጠዋት በዕቃው ምን እንደሚያስተምር ይንገራችሁ። ሊነግራችሁ ካልቻለ ገንዘባችሁን አቆዩት፣ መምህሩን አሠልጥኑት፣ ከዚያ ግዙ።”